ክረምትና እንጦጦ፦ ኮከብ በማይታይበት ቀን ምን እንሥራ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ለገጣፎ ሲሆን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከአምስት ጓደኞቼ ጋር በአንድ የክረምት የሳይንስ ሥልጠና ስሳተፍ ይህ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ነሐሴ ለአንድ ቀን እንጦጦ ወስደውን ነበር፤ ተራራው ግን ከጠዋት እስከ ማታ በጉምና በዝናብ ተሸፍኖ ስለዋለ በቴሌስኮፕ አንድም ነገር ሳናይ፣ በቆሎ እሸት ጠብሰን በልተን፣ ስንስቅ ውለን ተመለስን። እኔ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከጓደኞቼ አንዷ ግን «ሽርሽር እንጂ ሳይንስ አልነበረም» እያለች እስከ ዛሬ ትሞግተኛለች። ዘንድሮ ጉዞው ነሐሴ 23 ነው፤ አስተባባሪዎቻችንም የቀኑን ፕሮግራም እኛው ስድስታችን እንድናወጣ ፈቅደውልናል። ቀኑ እንዳይደብር፣ ሳይንሱም እንዳይቀር ምን ብናደርግ ይሻላል? (መ.፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በክርክራችሁ ላይ ፍረዱ ብትዪኝ ጥፋቱን የምጥለው ዕቅዱ ላይ ነው። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ የተተከሉት፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ያላቸው ሁለቱ ቴሌስኮፖች የሚጠቅሙት ሰማዩ በሚጠራበት በበጋ ሌሊት ነው፤ በነሐሴ ኮከብ ፍለጋ ወደዚያ መውጣት ለደመና ቀጠሮ እንደ መስጠት ይቆጠራል። ከፍታውና ዝናቡ ግን በክረምትም እዚያው ስለሚጠብቋችሁ፣ ዘንድሮ የምትለኩት እነሱን ይሁን።

ዋናውን ሥራ ለድስት ስጡት። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል የሚለው የመማሪያ መጽሐፋችሁ ዐረፍተ ነገር እውነት የሚሆነው በባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን ከበላያችን ያለው አየር እያነሰ፣ ግፊቱም እየቀነሰ ስለሚሄድ ውሃው ቀደም ብሎ ይፈላል፤ ልዩነቱም በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ነው። በዚህ ስሌት አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ፣ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል ማለት ነው። በከተማችን ባቄላና ሽምብራ አልበስል ብሎ ከሰል የሚፈጀው፣ በተለምዶ ፕሬዠር የምንለው ድስትም እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ብዙ ቤት ውስጥ የሚወደደው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በዋዜማው ለገጣፎ ቤታችሁ ውስጥ 1 ሊትር ውሃ አፍሉና ቴርሞሜትሩ የቆመበትን ቁጥር ጻፉ፤ ከዚያም እኩል የተቆረጡ ድንቾች ጨምራችሁ ልክ በ15ኛው ደቂቃ አውጥታችሁ በሹካ ውጓቸው። በማግስቱ ያንኑ ድስት፣ ያንኑ የውሃ መጠን፣ ከዚያው ከረጢት የወጣ ድንችና ትንሽ ቡታጋዝ ይዛችሁ እንጦጦ ላይ ድገሙት። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ከሁሉም በላይ ግን በሁለቱም ቦታ አንዱን ቴርሞሜትር ብቻ ተጠቀሙ፤ መሣሪያው በ1 ዲግሪ ቢሳሳት እንኳ እዚህም እዚያም የሚሳሳተው በእኩል ስለሆነ ልዩነቱ አይበላሽባችሁም። ቴርሞሜትሩንም ከሥልጠናው ቤተ ሙከራ፣ እስከ 110 ዲግሪ የሚያነበውን ተዋሱ እንጂ ከቤት የትኩሳት መለኪያ ይዛችሁ እንዳትወጡ። እኔ በናንተ ዕድሜ 42 ዲግሪ ላይ የሚያበቃውን የቤታችንን የትኩሳት መለኪያ ሻይ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነክሬ ሰንጥቄዋለሁ፤ ሜርኩሪ መርዝ ነውና የተደፋው ሻዩ ብቻ ሳይሆን ማንቆርቆሪያውም ጭምር ነበር፣ የእናቴን ቁጣ ሳልጨምር።

ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። ውሃው ከመፍላቱ በፊት እያንዳንዳችሁ ግምታችሁን በወረቀት ጽፋችሁ አጥፉት፤ ከትክክለኛው ቁጥር በጣም የራቀው ሰው የሁሉንም በቆሎ ይገዛል። መዝገቡን ለዚያች ለምትሞግትሽ ጓደኛሽ ስጧት፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ቁጥር ሲዛባ ዝም ብሎ አያልፍም።

ዝናብ ከጣለ እንደ ዕድል ቁጠሩት። የእንጦጦ ሸንተረር የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። ወደ ደቡብ፣ ወደ ከተማው በኩል የወረደው ጎርፍ በቀበናና በመሰሎቹ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ወደ ሰሜን፣ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የወረደው ግን በሙገር በኩል ዓባይን ተቀላቅሎ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ ይጓዛል። ስለዚህ ሸንተረሩ ላይ ቆማችሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ በግራ፣ አንድ ብርጭቆ በቀኝ ብታፈሱ ዳግመኛ የማይገናኙ ሁለት መንገደኞችን ሸኛችሁ ማለት ነው። ትክክለኛውን የድንበር መስመር በመንገድ ዳር ቦዮች አፈሳስ ፈልጉት፤ ከስድስታችሁ ቢያንስ ሁለቱ ቦታው ላይ እንደማይስማሙ እገምታለሁ።

የመረጣችሁት ቀንም፣ አውቃችሁ ባይሆንም፣ ጥሩ ቀን ነው። ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ በቀጥታ የምታልፈው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ 23 ወይም 24 አካባቢ ነው። ሰዓቱ ግን ልክ 6 አይደለም። ሰዓታችን የተቃኘው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው በ45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ስለሆነ ፀሐይዋ እኛ ዘንድ የምትደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ደመናው ለአምስት ደቂቃ እንኳ ቢከፈት ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ አልባ ሲሆን ታያላችሁ። ካልተከፈተ ድስቱ አለላችሁ።

መብረቅን በተመለከተ ግን ቀልድ የለም። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩ፤ እያንዳንዱ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ ከ30 በታች ከሆነ ሸንተረሩን ለቃችሁ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ሕንፃ ወይም መኪና ውስጥ ግቡ፤ ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል ከዝናቡ የባሰ ነው።

ለመመለስ ስትነሡ ደግሞ አንድ ባዶ ሃይላንድ እዚያው አናት ላይ ከፍታችሁ አየር ካስገባችሁ በኋላ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉትና ታክሲ ውስጥ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት። ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ ጎኑ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ምክንያቱን ጓደኛሽ ታብራራ። የድስቱን ሁለት ቁጥሮች ለዚህ ዓምድ ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣቸዋለን።