ታብሌት ልግዛ ወይስ ለላፕቶፕ ላጠራቅም?

ችግርህ ስልክ ላይ ሞጁል ማንበብ ዓይንህን ማድከሙ ብቻ ከሆነ ታብሌቱን ግዛ፣ ያዋጣሃል። ግን ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፍ ካለብህ ብርህን ለላፕቶፕ አቆየው። ለጥናትህ ዳታ መተንተኛ የሚሆነው ኤስፒኤስኤስ የሚባለው ፕሮግራም አንድሮይድ ታብሌት ላይ አይጫንም። ስልሳ ገጽ ስክሪን ላይ በጣት መተየብማ አይሞከርም።

ከገዛህ፦
1. ስክሪኑ ከ10 ኢንች አይነስ። ኤ4 ገጽ 7 ኢንች ላይ ፊደሉ ጉንዳን ነው የሚያክለው፤ ለዛማ ስልክህ አለ።
2. ራሙ ቢያንስ 4 ጊጋ ይሁን።

ያገለገለ ከሆነ ተጠንቀቅ። እኔ አይፓድ ገዝቼ ቤት ገብቼ ሪሴት ሳደርገው (ያለውን አጥፍቼ እንደ አዲስ ሳስጀምረው) የድሮውን ባለቤት አፕል አይዲ፣ ማለትም የአፕል አካውንቱን ከነፓስወርዱ ጠየቀኝ፤ ያለሱ አይከፈትም። ሻጩ ስልክ አያነሳም። ይኸው እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ነው። አንተ ብር ሳትቆጥር እዚያው ሻጩ ፊት ሪሴት አስደርገህ፣ እስከ መጨረሻው ሲከፈት እይ።