ጠዋት በብስክሌት፣ ማታ በብስክሌት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት ወደ ሥራ የሄድኩትም ከሥራ የተመለስኩትም በብስክሌት ነው። እሽቅድድም አላውቅም፤ ስለ ውድ ብስክሌቶችም የምለው ብዙ የለኝም። የማውቀው የከተማን መንገድ ነው፤ መስቀለኛውን፣ አደባባዩን፣ መኪና የተደረደረበትን ጠባብ ጎዳና። ስለ እሱ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በጣም ያስደነገጠሽ ምን ነበር? እኔ የምፈራው ከኋላዬ የሚመጣውን መኪና ነው።

መልስ፦ በመጀመሪያው ዓመት እኔም የምፈራው እሱኑ ነበር። የጣለኝ ግን ከፊቴ የነበረ፣ የቆመ መኪና ነው። ጠዋት ነው፤ ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ገና አልደረቀም። ከቆሙት መኪናዎች ግማሽ ሜትር እንኳ ሳልርቅ እሄዳለሁ፤ ዳር መያዝ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። በሩ ሲከፈት አላየሁም። ያየሁት ከበሩ ሥር ወደ መሬት የወረደች አንዲት ጥቁር ጫማ ነው። ጣቶቼ ፍሬኑ ላይ ሳይታጠፉ የመሪዬ ጫፍ የበሩን ጠርዝ መታው፤ መሪው ተጠማዘዘና ወደ መንገዱ መሀል ተወረወርኩ። ከኋላዬ የነበረው ሹፌር ርቀቱን ጠብቆ ይነዳ ስለነበር ቆመ። ሕይወቴ የተረፈው በእሱ ጥንቃቄ ነው።

በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንድ ሰከንድ 5 ሜትር ይጓዛል። አደጋውን አይታችሁ እጃችሁ ፍሬን እስኪይዝ ያቺ ሰከንድ ታልቃለች። ስለዚህ መፍትሔው ፍሬን ሳይሆን ርቀት ነው። ከቆመ መኪና ቢያንስ አንድ ሜትር፣ ቦታ ካለ ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ራቁ። ምልክቶችንም ማንበብ ልመዱ፤ አሁን የጠፋ የፍሬን መብራት፣ በኋላ መስታወት በኩል የሚታይ የሰው ጭንቅላት፣ አሁን ተስተካክሎ የቆመ መኪና።

መኪና የምትነዱ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሩን ከበሩ በራቀው እጃችሁ ክፈቱ። እጅ ሲሻገር ትከሻ ይዞራል፤ ትከሻ ሲዞር ዓይን ወደ ኋላ ያያል። ይህ አከፋፈት በሆላንዶች ስም ይታወቃል፤ ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2022 ባሻሻለችው የመንገድ ደንብ ውስጥ አካትታዋለች። ልጆቻችሁንም አስተምሯቸው፤ ከኋላ ወንበር ላይ ዘለው የሚወጡት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጠባብ መንገድ ላይ መሀሉን ስይዝ ሹፌሮች ጥሩምባ ያስጮሁብኛል። ዳር ዳሩን ብሄድ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ዳሩ ላይ ጠጠር፣ የብርጭቆ ስባሪና የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። ከዚያ የባሰው ግን ዳር ስትይዝ ሹፌሩ "እበቃለሁ" ብሎ መገመቱ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ብስክሌተኛን የሚቀድም መኪና ከተማ ውስጥ ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ በሕግ አስገድዳለች። ያን ያህል ርቀት ሰጥቶ በአንድ ጠባብ መስመር ውስጥ መቅደም አይቻልም፤ ሹፌሩ የግድ ወደ ሌላው መስመር መውጣት አለበት። እንግዲህ መውጣቱ ካልቀረ አንተ ዳር መለጠፍህ ለማንም አይጠቅምም። መሀሉን ያዝ፣ ቀጥ ብለህ ሂድ፣ መንገዱ ሲሰፋ ደግሞ ገለል በልለትና በእጅህ አመስግነው። ጥሩምባው ያስጠላል፤ አይሰብርም።

ጥያቄ፦ መብራት ላይ ከቆመ የጭነት መኪና አጠገብ ማለፍ ይቻላል? ሁሉም ሰው ሲያደርገው አያለሁ።

መልስ፦ በፍጹም አታድርገው! በጭነት መኪናና በመንገዱ ጠርዝ መካከል አትግባ፤ የቱንም ያህል ብትቸኩል፣ ክፍተቱ የቱንም ያህል ሰፊ ቢመስልህ። ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ጎማ ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ይመጣል። አንተ ስትገባ ሁለት ሜትር የነበረው ክፍተት መኪናው መታጠፍ ሲጀምር ይጠፋል፤ መውጫም የለህም። ሹፌሩ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ግን ከጎኑ ያለው ብዙ ቦታ አይታየውም። ፊቱን በስፖኪዮው ውስጥ ካላየኸው እሱም አያይህም። ፍሬቻ አለማብራቱም ማስረጃ አይሆንህም፤ ከቆመ በኋላ የሚያበሩ ብዙ ናቸው። ከኋላው ቁም፣ ይሂድ። አርባ ሰከንድ ነው።

ጥያቄ፦ ሥራ ቦታ ላብ በላብ ሆኜ እደርሳለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቀስ በይ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ፍጥነትሽን ትንሽ ብትቀንሺ ድካሙ በብዙ ይቀንሳል። ቦርሳሽን ከጀርባሽ አውርደሽ ከኋላ መጫኛው ላይ እሰሪው። እንደ ደረስሽ ደግሞ ልብስ ለመቀየር አትቸኩዪ፤ ላብ በደንብ የሚወርደው ነፋሱ ሲቆም ነው። ጥላ ውስጥ አሥር ደቂቃ ቆመሽ ቀይሪ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሴት በመሆኔ ብቻ በየመንገዱ ይጮሁብኛል፤ አንዳንዴ በመኪና እየተከተሉ ይናገሩኛል። ብስክሌቱን ልተወው እያሰብኩ ነው።

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ እኔም ላይ ደርሷል፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። መናደድሽም ትክክል ነው። ነገር ግን በጉዞ ላይ እያለሽ አትመልሺላቸው፤ ዞር ብለሽ ስትመልሺ ዓይንሽ ከመንገዱ ይነሳል፣ መሪውም ዓይንሽን ይከተላል። መኪና ከተከተለሽ የአንቺ ጥቅም ጠባብነትሽ ነው። ውረጂና ብስክሌትሽን እየገፋሽ መኪና ወደማይገባበት የእግረኛ መንገድ ግቢ፤ ሰው ወዳለበት ሄደሽ ቁሚ፣ ሰሌዳውን ያዢ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት በአንድ መንገድ አትሂጂ፤ ሲመሽ አጭሩን ሳይሆን መብራት ያለበትን ምረጪ። ከተቻለሽ ከአንዲት የሥራ ባልደረባሽ ጋር ውጪ፤ ሁለት ሲሆኑ ጩኸቱ በግማሽ እንደሚቀንስ በራሴ አይቻለሁ።

አሜሪካዊቷ የሴቶች መብት ታጋይ ሱዛን ቢ. አንተኒ እ.ኤ.አ. በ1896 ለጋዜጣ በሰጠችው ቃለ ምልልስ፣ ሴቶችን ነፃ በማውጣት ረገድ ብስክሌትን የሚያህል ነገር እንደሌለ ተናግራ ነበር። ያኔም በመንገድ ይሰድቧቸው ነበር። አትተዪው እልሽ ነበር፤ ውሳኔው ግን ያንቺ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ብታርፊም መሸነፍ አይደለም።

ጥያቄ፦ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተነፈሰብኝ። ጎማው አርጅቶ ነው?

መልስ፦ ከመግዛትህ በፊት እሾኹን ፈልግ፤ ምናልባት እስካሁን ጎማው ውስጥ ተቀምጧል። ብዙ ሰው የውስጡን ጎማ ለጥፎ፣ የወጋውን ነገር እዚያው ትቶ ይዘጋል። የውስጡን ጎማ ስታወጣ በየት በኩል እንደነበረ እንዳይጠፋብህ፤ የአየር መሙያው አፍንጫ ምልክት ይሁንህ። ንፋውና ውኃ ውስጥ ክተተው፤ አረፋ የሚወጣበትን ስታገኝ ከአፍንጫው ያለውን ርቀት በስንዝር ለካ። ያንኑ ርቀት በውጪው ጎማ ላይ ስትቆጥር እሾኹ ያለበት ቦታ ላይ ትደርሳለህ። የጎማውን ውስጥ በጣትህ ዳስስ፣ በጣም ቀስ ብለህ። እኔን አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ያሰቃየኝ የሽቦ ቁራጭ ከሰው ጥፍር ጫፍ አይበልጥም ነበር፤ በዓይን አይታይም፣ ጎማው ተጣጥፎ ሲገለበጥ ብቻ ብቅ ይላል። በጥፍር መቁረጫ ነቀልኩት። ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ በቸርኬው ፊት ከሆነ ግን ጥፋቱ የመንገዱ አይደለም፤ ቸርኬው ላይ ያለው መሸፈኛ ተንሸራትቶ ይሆናል።

ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ፣ ማስቲሽ ቀባ፣ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ ለጥፍ። ማስቲሹ ሳይደርቅ የተለጠፈ ሁሉ ይነሳል። አየሩንም በጎማው ጎን ላይ በተጻፈው መጠን ሙላ፤ አየር ያነሰው ጎማ በየጉድጓዱ ከቸርኬው ጋር እየተላተመ ይቀደዳል።

ጥያቄ፦ በዝናብ ትነጃለሽ?

መልስ፦ እነዳለሁ። ከረጅም ድርቅ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ግን ከሁሉም ያንሸራትታል፤ ዘይትና አቧራው ገና አልታጠበም። በብረት ክዳን፣ በቀለም መስመርና በባቡር ሐዲድ ላይ ፍሬን አትያዙ፣ አትታጠፉም። ሐዲድን በተቻለ መጠን ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩት፤ በሰያፍ ከገባችሁ ጎማውን ይውጠዋል። ፍሬናችሁ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ቀደም ብላችሁ በቀላሉ ንኩት፤ መጀመሪያ ውኃውን ይጠርጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚይዘው።

ጥያቄ፦ ውሻ ሲያባርረኝስ?

መልስ፦ አትሽቀዳደም። ብዙ ውሻ የሚያሳድደው የሚሮጠውን ነው። ውረድ፣ ብስክሌቱን በመካከላችሁ አድርግ፣ በእርግጠኛ ድምፅ ተናገረው፣ ቀስ እያልክ ራቅ።

ጥያቄ፦ የመንገድ መብራት አለ፤ ለምን የብስክሌት መብራት ያስፈልገኛል?

መልስ፦ የአንተ መብራት መንገዱን ለማየት ሳይሆን አንተ እንድትታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ሳይቀር ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ መብራት፣ ከነአንጸባራቂውና ከነደወሉ ከብስክሌት ይጠብቃል። አንድ ልጨምርልህ። አንጸባራቂውን ቁርጭምጭሚትህ ላይ እሰር። ከፔዳሉ ጋር ላይና ታች ሲል ሹፌሩ ከሩቅ "ይህ ሰው ነው" ይላል፤ ደረት ላይ ያለው ግን ከመንገድ ምልክት ጋር ሊመሳሰል ይችላል።

ጥያቄ፦ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ብስክሌት ከነዳሁ ሠላሳ ዓመት ሆኖኛል። ልጆቼ አይሆንም ይሉኛል። አንቺስ ምን ትያለሽ?

መልስ፦ እኔ ይሆናል እላለሁ፤ ልጆችዎ የሚፈሩት ግን ትራፊኩን ስለሆነ ከእሱ አይጀምሩ። በመጀመሪያ የልብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ካለብዎ ሐኪምዎን ያማክሩ። ከዚያ መኪና በማይበዛበት ማለዳ ባዶ ሜዳ ይምረጡ። ለጊዜው መቀመጫውን ዝቅ ያድርጉት፣ ሁለቱም እግሮችዎ መሬት እንዲነኩ። መነሳት፣ መቆም፣ በአንድ እጅ መሪ ይዞ በሌላው ምልክት ማሳየት፣ ሳይወላገዱ ወደ ኋላ ማየት፤ ይህን ብቻ ይለማመዱ። ወደ ኋላ ማየቱ ከሁሉም ይከብዳል፤ አንገት ሲደርቅ መሪው አብሮ ይዞራልና። እሱ ሲቀልልዎ መቀመጫውን ከፍ ያድርጉት፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ ትንሽ ብቻ እስኪታጠፍ። ዝቅ እንዳለ ብዙ ከነዱበት ጉልበትዎን ያምዎታል።

ወደሚሄዱበት ቦታ ደግሞ አንድ ቀን በእግርዎ ይሂዱ። መኪና የሚበዛበትን፣ ጉድጓዱን፣ ሹፌሮች ሳያዩ የሚታጠፉበትን ጥግ በእግር ሲያልፉ በደንብ ያዩታል። ልጅዎንም ይዘው ይሂዱ።