ውሮን ለሰው ልስጣት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የ54 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ለጡት ካንሰር በየ21 ቀኑ ኬሞ እወስዳለሁ፤ ሁለቱን ጨርሻለሁ፣ አራት ይቀረኛል። ባለቤቴ ካረፉ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የኖረች ድመት አለችኝ፤ ውሮ እላታለሁ። የባለቤቴ እህት «ጸጉሯ ሳንባሽ ይገባል፣ ዛሬውኑ ከቤት ትውጣ» ይሉኛል። ልጄም ፈርታለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እባክዎ አይስጧት። በካንሰር ክፍል ስሠራ፣ ቤተሰባቸው ሳይነግራቸው ድመታቸውን የሰጠባቸው እናት ነበሩ። መርፌውን ሁሉ ችለው፣ በዚያ አለቀሱ። እርስዎ እንዲህ እንዲሆኑ አልፈልግም።

የሚያሰጋው ጸጉሯ ሳይሆን ዓይነ ምድሯ ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ አለ፤ ድመት አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ ስትበላ ይይዛታል፣ ከዓይነ ምድሯም ጋር ይወጣል። ወጥቶ ወደ ሰው ለመተላለፍ ግን ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ የምትጸዳዳበት አሸዋ ወይም አመድ በየቀኑ ይደፋ። ይህን ልጅዎ ጓንት አድርጋ ትሥራው፤ እርስዎ አይንኩት። ጓሮ ጎመን የሚኮተኩቱ ከሆነም ጓንት አይለይዎት፤ የጎረቤት ድመቶች እዚያው ይጸዳዳሉና። ለውሮ ከሉካንዳ የመጣ ቁርጥራጭ ሳይቀቀል አይሰጣት፤ አይጥ እንዳታድንም ቤት ትዋል።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ከውሮ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ነው። ያው ተሕዋስ በዚያ በኩልም ይገባል። በዓል ሲመጣ «ለእኔ በደንብ ይብሰልልኝ» ለማለት አይፈሩ፤ ቅር የሚለው ይበለው።

ኬሞ ከተወሰደ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን በሽታ የሚከላከሉልዎት ነጭ የደም ሴሎች በጣም ይቀንሳሉ። በእነዚያ ቀናት አልጋዎ ላይ አትተኛ፣ ፊትዎንም አትላስዎ። ከቧጨረችዎ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠቡ። ከነከሰችዎ ግን 15 ደቂቃ ሙሉ ታጥበው በዚያው ዕለት ሐኪም ይይዎት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ካለፈ ልጅዎ ወደ እንስሳት ሐኪም ትውሰዳት።

ቴርሞሜትር ከአጠገብዎ አይጥፋ። ሙቀትዎ 38 ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ።

ውሮ ጭንዎ ላይ ትቀመጥ። ስትነሣ እጅዎን ይታጠቡ።