ምጣድ ሲሰካ ቤቱ በሙሉ ለምን ይጠፋል?

«ምጣድ ስሰካ ዋናው ብሬከር ይወርድና ቤቱ በሙሉ ይጨልማል። የምጣዱ ብሬከር ግን ንቅንቅ አይልም። የመጣው ኤሌክትሪሺያን የምጣዱን ከ20 አምፒር ወደ 32 ቀየረልኝ፤ ለውጥ የለም። ክረምት ላይ ይብሳል» ይላሉ ጠያቂዬ።

«ክረምት ላይ ይብሳል» የሚለው ነገሩን ጨረሰልኝ። ምጣድዎ እርጥበት ስቧል፤ ከረንት ወደ መሬት እያመለጠ ነው። ዋናው ላይ «ቲ» የተጻፈባት ትንሽ ቁልፍ ካለች አርሲዲ ነው ማለት ነው፤ ከረንት ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጥ መከላከያ። አደራ፣ «እሱን አውጥተን እንገላገል» የሚል ቢመጣ እሺ አይበሉ!

ተራ ብሬከር የሚያየው የከረንት ብዛት ብቻ ነው። 4 ኪሎዋት ምጣድ በ220 ቮልት 18 አምፒር ገደማ ይስባል፤ 20ው ይችለዋል። አርሲዲ ግን ብዛቱን አያይም። በፌዝ የሄደው በኒውትራል ተመልሷል ወይ? ብሎ ያስተያያል። 30 ሚሊአምፒር ከጎደለ ይቆርጣል። የምጣዱ ብሬከር 20 ሆነ 32 ይህን አያየውም። የሚያየው ዋናው ብቻ ስለሆነ ቤቱን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ለምጣዱ ለብቻው 30 ሚሊአምፒር አርሲዲ ቢያስገቡም ዋናውም 30 ከሆነ አይመራረጡም፣ ማለትም የምጣዱ ብቻ ወርዶ ዋናው እንደሚቀር ዋስትና የለም፤ የፈጠነው ይወርዳል፣ አንዳንዴም ሁለቱም። የላይኛው፣ ማለትም ዋናው፣ የታችኛውን (የምጣዱን) ቢያንስ 3 እጥፍ መሆን አለበት፤ ደግሞም ዘግይቶ የሚቆርጥ፣ «ኤስ» ምልክት ያለው። 100 ወይም 300 ሚሊአምፒር ይሁን። ያኔ የታችኛው ይቀድመዋል።

መጀመሪያ ያንን 32 አውጥተው 20 ይመልሱ። በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ 32 ማስገባት ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው እንዲቀልጥ መፍረድ ነው። እንዲህ ያለ ጥገና ያናድደኛል። ቀጥሎ ምጣዱን ነቅለው በ500 ቮልት ሜገር (ከረንት ማምለጡን በከፍተኛ ቮልት የሚፈትሽ መለኪያ) በሶኬቱ የፌዝና የኒውትራል እግሮችና በብረት አካሉ መካከል ይለኩ። የባትሪ ቴስተር እዚህ ያታልላል። ከ1 ሜጋኦም በታች ካሳየ ፀሐይ ላይ ያድርቁት፤ ካልተሻለው ረዚስታንሱ (የሚግለው ሽቦ) ይቀየር። ርካሹን አይግዙ፤ ብዙም ሳይቆይ ይበጠሳል።

ዋናውን ወደ «ኤስ» ሲቀይሩ ሌላው መስመር ሁሉ የየራሱ 30 ሚሊአምፒር አርሲዲ ይኑረው። 300 ሚሊአምፒር ሰው አያድንም። አሁንም ልድገመው፦ ያለ አርሲዲ ምጣድ አይሰካ።

ሲያልቅ የምጣዱን አርሲዲ «ቲ» ተጭኖ «ተመራርጠዋል» ማለት አይበቃም። ቁልፏ ከረንት ወደ መሬት ስለማትለቅ የላይኛው አያያትም። ባለሙያው ከምጣዱ ሶኬት ላይ በአርሲዲ መፈተሻ ይሞክረው።