ለጣና ጀልባ ከዱባይ ሞተር ከማስመጣትህ በፊት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳር ዓሣ በማጥመድ ነው የምተዳደረው። 6 ሜትር የፋይበር ጀልባ አለኝ። ዱባይ ያለችው እኅቴ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ያገለገለ ያማሃ አግኝታ «ገዝቼ ልላክልህ ወይ?» ትለኛለች። ቱ ስትሮክ ነው፣ ማለትም ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት፤ ዋጋውም ደህና ነው። ምን ልበላት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ግዢው» ከማለትህ በፊት ሜትር ይዘህ ወደ ጀልባህ ውረድ። ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃ ከላይኛው ጠርዝ እስከ ጀልባው ሆድ ድረስ፣ መሐሉ ላይ፣ ቀጥ አድርገህ ለካው። 38 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ አጭር እግር፣ 51 አካባቢ ከሆነ ረጅም እግር ያለው ሞተር ነው የሚሆንህ። አጭሩን በረጅም ሳንቃ ላይ ካሰርከው ፕሮፔለሩ አየር እየማገ ይጮኻል እንጂ ጀልባውን አይገፋም። ረጅሙ በአጭር ሳንቃ ላይ ከታሰረ ደግሞ ዳር በቀረብክ ቁጥር ደለሉንና ድንጋዩን ይነካል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ሆድ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላ መቀመጥ አለባት። ያማሃ የሞዴሉን ስም ሲጽፍ መጨረሻው ላይ ኤስ ካለ አጭር፣ ኤል ካለ ረጅም ማለት ነው። እኅትህ የሰሌዳውን ፎቶ አንስታ ትላክልህ።

ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው፤ ዱባይ ያለ ሻጭ ደግሞ ይህን አይነግርህም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ባሕር ላይ 15 የነበረው እዚህ 12 ገደማ ይሆናል። ጀልባህ መረብና ሦስት ሰው ጭኖ እንደ ዱባይ እንዲበር አትጠብቅ። መፍትሔ ግን አለው። አንደኛ፣ ከመደበኛው በ1 ወይም በ2 ኢንች ያነሰ ፒች (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት) ያለው ፕሮፔለር አብራ ትግዛልህ፤ 1 ኢንች በቀነሰ ቁጥር ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል፤ ጭነቱም ይቀልለታል። ሁለተኛ፣ ካርቦሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምትመጥነውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ መቀየር ያስፈልጋል። አለዚያ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ገንዘብህም በጭስ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ስጋቴ ልምጣ። የባሕረ ሰላጤው ውሃ ከውቅያኖስ ውሃ የበለጠ ጨዋማ ነው። ከዚያ የመጣ ሞተር ላዩ ቀለም ተቀብቶ ሊያበራ ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ውስጥ ነው። አንድ ደንበኛዬ ከዚያ ያመጣውን ሞተር የሲሊንደር ክዳን ስፈታ ሦስት ብሎኖች እጄ ላይ ተሰብረው ቀሩ። የማቀዝቀዣው ውሃ መተላለፊያ በጨው ተደፍኖ ስለነበር ሞተሩ ጣና ላይ ሞቆ ፒስተኑ ተጣብቋል። ያ ሰው ለጥገናው ያወጣው ገንዘብ አዲስ ሊገዛለት ምንም አልቀረውም ነበር፤ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ስለዚህ እኅትህ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ሲነሣ በቪዲዮ ትቅረጽ። ቀድሞ ሞቆ የጠበቃት ሞተር ምንም አይነግራትም። ከጎኑ የሚፈስሰው ውሃ ሳይቆራረጥ በደንብ መውጣት አለበት። የሁለቱን ሲሊንደሮች ግፊት ታስለካ፤ በመካከላቸው ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ትተወው። የታችኛው የማርሽ ቤት ዘይት ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። ሻጩ ብሎኑን ፈትቶ ላሳይ ካላለ መልሱ ታውቋል።

ቱ ስትሮክ ቀላል ነው፤ የዚህ ዓይነቱ 15 ከ36 ኪሎ አካባቢ አይበልጥም፣ ለመጠገንም አያስቸግርም። ነገር ግን ዘይት ከቤንዚን ጋር ያቃጥላል፣ ከፊሉም ውሃ ውስጥ ይቀራል። እኛ ደግሞ ከዚያ ሐይቅ ዓሣ እንበላለን፣ ብዙ ሰውም ውሃውን ይጠጣል። አቅምህ ከቻለ ዘይቱ ከቤንዚን የማይቀላቀል አዲስ ፎር ስትሮክ እመርጥልሃለሁ፤ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ቤንዚን ግን ይቆጥባል። ቱ ስትሮኩን ከወሰድክ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን የዘይት መጠን ጠብቅ። 50 ለ1 ከሆነ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ነው፤ ያውም ለጀልባ ሞተር የተሠራው ዘይት፣ የሞተር ሳይክሉ አይደለም።

ለመላክ ሲታሸግ ታንኩም፣ ቱቦውም፣ ካርቦሬተሩም ከቤንዚን ባዶ ይሁኑ፤ የነዳጅ ሽታ ያለውን አውሮፕላን አይጭንም። ፎር ስትሮክ ከሆነ በመመሪያው ላይ በተጠቀሰው ጎን ብቻ ይተኛ። ለጉምሩክ የሞተሩ የታሪፍ ቁጥር 8407.21 ነው። ቁጥሩን ይዘህ ከመግዛትህ በፊት ቀረጡን ጠይቅ። የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱም ይደመራሉ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም ከቀረጡ በኋላ ይታሰባል። ደረሰኙ እውነተኛውን ዋጋ ይያዝ።

በሳጥኑ ባዶ ቦታ ሁለት የውሃ ፓምፕ ጎማ፣ አራት ካንዴላ፣ የማስነሻ ገመድና ትርፍ ፕሮፔለር ይግቡበት። ወንዞቹ ወደ ጣና የሚያመጡት ደለል የፓምፑን ጎማ ቶሎ ይበላዋል። እንቦጭ ባለበት ስትሄድ ደግሞ ከጎን የሚወጣው ውሃ ከቀነሰ ወዲያው አጥፋው፤ ሞተሩን አንሥተህ የውሃ መግቢያውን አጽዳ።

የሳንቃውን ልክና የሰሌዳውን ፎቶ ላክልኝ፤ የፕሮፔለሩን ቁጥር እኔ እነግርሃለሁ።