መጠጥና ግሬድ፦ «ጠይቁኝ» ብዬ የጠየቃችሁኝ

ሰላም ናችሁ። የማስተምረው ጤና ነው። ከግቢ ልጆች ጋር ስለ መጠጥና ስለ ሱስ ማውራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የፈለጋችሁትን ጠይቁ ስል ጥያቄው ጎረፈ። ስድቡን ዘልዬዋለሁ። ስብከት የጠበቀ ካለም ይቅርታ።

ወንድማችን፣ እኔ የምጠጣው አርብና ቅዳሜ ብቻ ነው። ፈተና ሲደርስ አልነካም። ታዲያ ግሬዴን ምን ያገኘዋል? (3ኛ ዓመት፣ ሲቪል)

አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ይሄንኑ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ቅዳሜ የጠጣኸው ቢራ ሰኞ ፈተና ላይ ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም። እዚህ ላይ ልክ ነህ። እንዲያውም አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን ማታ በደንብ ቢራ አጠጥተው በማግስቱ የፈተኑ ተመራማሪዎች አሉ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የፈተና ውጤታቸው ካልጠጡበት ቀን ብዙም አልተለየም። የተበላሸው ሌላ ነው፦ ስሜታቸው፣ ትኩረታቸውና ፍጥነታቸው።

ችግሩ ግሬድ በፈተና ቀን ብቻ አይሰራም። አንጎል ቀን የሰማውን የሚያደላድለው ሌሊት፣ በእንቅልፍ ነው። አልኮል ቶሎ ያስተኛሃል፤ ከዚያ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጥብሃል። ህልም የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍልም ይቀንሳል። አርብ ጠዋት የተማርከው ስትራክቸር አርብ ማታ መተኛት ነበረበት፤ አንተ ግን ድራፍት ቤት ነህ።

ደግሞ እሁድን አስበው። ከቀኑ 7 ሰዓት ትነሳለህ። አፍህ ደርቋል፣ ራስህን ይወቅርሃል፣ የካፌ ምሳ ሊያልፍህ ነው። ማታ ላይብረሪ ብትገባም አንድ ገጽ ሦስቴ ታነባለህ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ክላስ አለ፤ ድንገተኛ ኩዊዝ ደግሞ ሁሌም እንደዚህ ያለ ቀን ይመርጣል። በብዙ ዲፓርትመንት ከ100ው ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከኩዊዝ፣ ከአሳይመንትና ከሚድ ነው። አንድ ሴሚስተር 16 ሳምንት ቢሆን 16 እሁድ አለው። ስንቱን አልጋ ላይ እንዳሳለፍከው የምታውቀው አንተ ነህ። እኔ ብሆን ከጠርሙሱ ይልቅ የምቆጥረው ማግስቱን ነበር።

የሚጠጡ ልጆች ድሮም የማያነቡ ናቸው። መጠጡን ለምን እንወቅሳለን?

ይሄ ጥያቄ ደስ ይለኛል። እውነትም ሰነፍ ሁሉ ጥፋቱን በቢራ ያሳብባል። ግን ይሄን የሚለይ ብልህ ጥናት አለ። የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ውስጥ ተማሪው አንድ ዓይነት መሠረታዊ ኮርስ ይወስዳል፣ አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ መጠጥ በሕግ የሚፈቀደው 21 ዓመት ሲሞላ ነው። ተመራማሪዎቹ 21 ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸውንና ገና የሞላቸውን አነጻጸሩ። በልደት ቀን ሰው በአንዴ ሰነፍ አይሆንም አይደል? ግን ውጤቱ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ነው። የሚገርመው፣ ይበልጥ የወረደው የጎበዞቹ ውጤት ነው።

ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ላይ የተሠራ ሌላ ደግሞ አለ። የግቢው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ባሸነፈ ቁጥር የወንዶቹ ውጤት ከሴቶቹ አንጻር ይወርድ ነበር። ድል ሲኖር ድግስ አለ፣ ድግስ ካለ መጠጥ አለ። የአርሰናልና የማንቼ ደጋፊዎች፣ እናንተን አላልኩም።

ዶርም የምጋራው ልጅ በየሳምንቱ ይጠጣል፣ ጂፒኤው ግን 3.8 ነው። ምን ትላለህ?

ጎበዝ ነው እላለሁ። ባይጠጣ ስንት እንደሚያመጣ ግን እኔም እሱም አናውቅም። ደግሞም ስንት ሰዓት እንደሚቸክል ለአንተ አይነግርህም። ሲጠጣ ታየዋለህ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ሲያነብ አታየውም።

ቅሜ አነባለሁ፣ ከዛ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጨብሲ እላለሁ። ሦስት ቢራ ብቻ። ይሄስ?

ጨብሲ የግቢው ትልቁ ወጥመድ ነው ባይ ነኝ። ጫት አነቃቂ ነው፣ አልኮል ደግሞ አደንዛዥ። ምርቃናው ስላለ ሞቅታው አይታወቅህም፤ ሦስት ብለህ ስድስት ትደርሳለህ። ሌሊት ይነጋጋል፣ ጠዋት መነሳት አቃተህ፣ ክላስ አለፈህ፣ ያለፈህን ለመያዝ ከሰዓት እንደገና ትቅማለህ። ክቡ ይሄ ነው። መስበር ከፈለግክ ከቢራው አትጀምር፤ ቢራውን የጠራው ጫቱ ነው። መጀመሪያ ማታ የምትቅመውን ተው። ንባቡን ወደ ጠዋት አምጣው። የመጀመሪያው ሳምንት ይጫጫንሃል፣ ያዛጋሃል። ያልፋል።

አንጎበርን በምን ልፈውሰው? ቡና? ቅቅል? ቀዝቃዛ ሻወር?

ቅቅሉን ብላ፣ ይጣፍጣል። ቡናው ዓይንህን ይገልጠዋል። ሻወሩም ለጎረቤት ይጠቅማል። ከደምህ ውስጥ አልኮል የሚያወጣ ግን የለም። ያንን የሚሠራው ጉበት ነው፣ እሱ ደግሞ አይቸኩልም። አንድ ጠርሙስ ቢራ ለማስወገድ በግምት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ስሌቱን ሥራው፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምረህ ስምንት ጠርሙስ ከጠጣህ ሊጨርስ የሚችለው ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ክላስ ስትገባ ገና ላይወጣልህ ይችላል ማለት ነው። አረቄ ከሆነ ደግሞ መለኪያው ትንሽ ነው ብለህ እንዳትሸወድ። አንዱ መለኪያ አንድ ቢራ ሊሆን ይችላል፣ ሊበልጥም ይችላል።

ልደት ላይ ጠጥቼ የሆነውን ግማሹን አላስታውስም። ጓደኞቼ ግን ስጨፍር እንደነበር ነገሩኝ። ምንድነው?

ብላክአውት ይባላል። ነቅተሽ፣ እያወራሽ፣ እየጨፈርሽ ነበር። ግን ትዝታ የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስ፣ ሥራ አቁሟል። ስላልተመዘገበ ብታስቢም አይመጣልሽም። ብዙ በአጭር ጊዜ ሲጠጣ የሚመጣ ነው። ሴት ልጅ ደግሞ ከወንድ እኩል ብትጠጣ ደሟ ውስጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል፣ ስለዚህ ከወንዶቹ ጋር እኩል ቁጠሪ ሲሉሽ እምቢ በይ።

ለጓደኞችሽ ደግሞ አንድ ነገር፦ ጠርተውት የማይነቃ ሰው «ይተኛ ይለቀዋል» አይባልም። በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ክሊኒክ ውሰዱት።

ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል ታዞልኛል። አንድ ቢራ ችግር አለው?

አዎ፣ ተወው። መድኃኒቱን ከጨረስክ በኋላም ቢያንስ ሦስት ቀን ቆይ።

ፍሬሽ ነኝ፣ 19 ዓመቴ ነው። ግቢው በር ላይ ያለው ግሮሰሪ ግን ማንንም አይጠይቅም። በሕግ ይፈቀዳል?

አይፈቀድም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የሬዲዮና የቴሌቪዥን የቢራ ማስታወቂያ የጠፋውም በዚሁ አዋጅ ነው። ማስታወቂያው ጠፋ፣ ግሮሰሪው ግን አለ።

ጠዋት ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ስቀምስ ይተወኛል። ኤግዚት ኤግዛም ደርሷል፣ ዛሬውኑ በአንዴ ላቆም ነው።

ወንድሜ፣ በአንዴ እንዳታቆም። በየቀኑ ብዙ የለመደ ሰውነት ድንገት ሲከለከል የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፣ ሕይወትም ያሳጣል። ነገ ሐኪም ፊት ቅረብ። አዲስ አበባ ካለህ አማኑኤል ሆስፒታል ለሱስ ሕክምና ይሰጣል፤ ክፍለ ሀገር ከሆንክ ከግቢህ ክሊኒክ ጀምርና ሪፈር አስጽፍ። ለኤግዚቱ የሚያስፈልግህ 50 ነው። ሌላ ዙርም አለው።

ልጄ ሁለተኛ ዓመት ነው። ዋርኒንግ ገብቷል አሉ። እንደሚጠጣ ከሰው ሰማሁ። ምን ላድርግ? (እናት)

እናቴ፣ መጀመሪያ በስልክ አይቆጡት። ስልኩን ይዘጋብዎታል። ከቻሉ ሄደው ይዩት፤ ካልቻሉ ለእረፍት ሲመጣ ቀስ ብለው ያነጋግሩት። «ትጠጣለህ ወይ» ብለው ከጠየቁት «አልጠጣም» ነው የሚልዎት። «እንቅልፍህ እንዴት ነው፣ የትኛው ኮርስ ከበደህ» ይበሉት፣ ራሱ ይመጣል። ዋርኒንግ ማለት ገና አልተባረረም ማለት ነው። ግቢው የተማሪዎች ምክር አገልግሎት ካለው እዚያ እንዲሄድ ይለምኑት። ብሩን ደግሞ በወር አንዴ ከሚልኩለት በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ያድርጉት፤ አርብን ግን ይዝለሉና እሁድ ይላኩለት።