«ሀ ሁን በቃሉ ይወጣዋል፤ አንዷን ፊደል ለብቻዋ ሲጠየቅ ግን ትጠፋበታለች»

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ 3ኛ ክፍል ነው። ተረት አንድ ጊዜ ከሰማ ሳያዛንፍ ይተርካል፤ ሱቅ ስልከው መልስ አይሳሳትም። መጽሐፍ ሲገለጥለት ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። ያልበዋል፤ «ሆዴን አመመኝ» ይላል። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ እያዜመ ይወርደዋል፤ መሐል ላይ ጣቴን አሳርፌ «ይቺ ማን ናት?» ስለው ግን ከሀ ተነሥቶ እየቆጠረ ካልመጣ አይደርስባትም። ጠዋት ያነበባትን ቃል ከሰዓት አያውቃትም። እንግሊዝኛውንማ ጭራሽ ትቶታል።

መምህሩ «ሰነፍ ነው፤ ልቡ ጨዋታ ላይ ነው» ይሉኛል። በቃለ ጽሕፈት የሳተውን ቃል ሃምሳ ሃምሳ ጊዜ ያስጽፉታል። አማቴ ጸበል ይጠመቅ ይላሉ። ባለቤቴ ይቆጣዋል፤ አንዳንዴም ይመታዋል። የሚገርመኝ እሱ ራሱ ሚኒስትሪ ወድቆ ከ8ኛ ክፍል የቀረ ነው፤ ዛሬም ወረቀት ሲመጣ «መነጽሬን አልያዝኩም፤ አንብቢልኝ» ይላል። በእንጨት ሥራው ግን የታወቀ ነው። የልጄ አእምሮ ችግር ይኖርበት ይሆን? ወይስ እውነትም ሰነፍ ነው?

ግራ የገባት እናት

*

ውድ እህቴ፣

ልጅዎ ሰነፍ አይደለም። ሰነፍ ልጅ መጽሐፍ ሲያይ አያልበውም። አእምሮውም ጤነኛ መሆኑን ተረቱና የሱቁ መልስ ይመሰክራሉ። የጻፉልኝ ነገር ዲስሌክሲያ የሚባለውን የንባብ እክል በጣም ይመስላል። በደብዳቤ ብቻ «ነው» ብዬ መቁረጥ አልችልም፤ ምልክቶቹ ግን አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ።

በዚህ እክል የሚቸገር ሰው የሚከብደው በቃል ውስጥ ያሉትን ድምፆች ለይቶ መስማትና እያንዳንዱን ድምፅ ከምልክቱ ጋር ማሰር ነው። ከብልህነት ጋር አይያያዝም። በ1896 እ.ኤ.አ. ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። ልጁ በስሌት ጎበዝ ነበር፤ የራሱን ስም ሲጽፍ ግን ፊደላቱን ያዘባርቅ ነበር። መምህሩም ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ይሆን እንደነበር ተናግሯል።

ፊደሉን አዚሞ አንዷን ለብቻ ሲጠየቅ የሚጠፋበት ዜማውን እንጂ መልኳን ስላልያዘ ነው። የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሀ ሁን በተራ የቆጠረውን ሕፃን አ ቡ ጊ ዳ ብለው ቅደም ተከተሉን አፋልሰው የሚያስቆጥሩት፣ በቃል የወጣው በዓይንም መግባቱን ለማየት ነበር። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ምልክት ይሆናል፤ በዚያ ላይ ሳድሱ ደንብ የለውም፤ ል፣ ም እና ን እያንዳንዳቸው የሚለወጡት በየራሳቸው መንገድ ነው። ለዚህ ልጅ ይህ ከባድ ሸክም ነው። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ደግሞ ከድምፁ ጋር ስለማይገጥም ይብስበታል።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና፣ 2ኛ ክፍል ከነበሩት ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁሉም እክል አለባቸው ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ በወጉ አልተማሩም። ስለዚህ መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ። ከዚያ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ፣ በጥቂት ፊደላት፣ ከድምፅ ተነሥታችሁ ሥሩ። «በግ» ሲሉ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ምንድን ነው? በዚያው ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃልስ? በጆሮው ሲለየው ፊደሏን አሳዩት፤ በጣቱ አሸዋ ላይ ይጻፋት፤ እየጻፈም ድምፅዋን ያሰማ። እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቢያንስ ስድስት ወር ተሰጥቶት ካልተሻሻለ፣ እክል መሆኑን ባለሙያ ሊያረጋግጥ ይገባል።

ሃምሳ ጊዜ መጻፉ ይቁም። እጁን ከማድከምና ደብተር እንዲጠላ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም። ለመምህሩ «ጎበዝ ነው» ብለው አይከራከሩ፤ በአንድ ፈተና ጥያቄው ይነበብለትና በቃሉ ይመልስ ብለው ይለምኗቸው። ውጤቱን ራሳቸው ያዩታል። ሳይዘጋጅም በክፍል ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አያስነሡት።

ጸበሉ የእምነታችሁ ጉዳይ ነው፤ ይጠመቅ። ልጁ ግን ክፉ መንፈስ እንዳለበት ሲነገረው እንዳይሰማ አደራ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የተባለውን ያምናል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ይበልጥ ያሰብኩት ስለ እሳቸው ነው። ይህ እክል በዘር ይተላለፋል። ያ የተረሳው መነጽር ብዙ ዓመት የተሸከሙትን እፍረት የሚሸፍን ይመስለኛል። በልጁ ላይ የሚቆጡትም፣ እሳቸው ያዩትን እንዳያይ ፈርተው ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ምቱን ትክክል አያደርገውም፤ ዱላው ዛሬውኑ መቆም አለበት። ልጁ በሌለበት፣ ሥራቸው በተሳካበት ቀን ያነጋግሯቸው። «አንተም እንዲሁ ነበርክ» ብለው አይጀምሩ። ትምህርት ቤት ሳሉ ማንበብ እንዴት ይሆንባቸው እንደነበር ይጠይቁና ዝም ብለው ያድምጡ። ፈቃደኛ ከሆኑ ልጁን ወደ ሥራ ቦታቸው ወስደው «እኔም ፊደል ይጠፋብኝ ነበር» ይበሉት። ይህን ከአባቱ አፍ መስማቱን የሚተካ ነገር እኔ የለኝም። እሳቸውም ቢሆኑ አልረፈደባቸውም፤ አዋቂም በዚሁ መንገድ ይማራል፤ በየቀኑ ከሚያገኟቸው ቃላት፣ ከደንበኛ ስምና ከእንጨት ዓይነት ይጀምሩ።

ለባለሙያው ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደው በአቅራቢያችሁ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር ያለበትን ትምህርት ቤት ይጠይቁ። ሲሄዱ የልጁን የአማርኛና የሒሳብ ደብተሮች ይያዙ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ለባለሙያው ብዙ ይነግረዋል። የቃለ ጽሕፈት ወረቀቶቹንም ቀዩ እርማት እንዳለባቸው ያስቀምጧቸው።